የትርንጎ የፊት ወንበር

መኪና መኪና በሉኝ!

«የማን ናት?» ብላችሁ ጠይቁኝ።

የማን እንደሆነች ከነገርኳችሁማ ተረቱ አለቀ። ስለዚህ ጠጋ በሉ፤ የቆማችሁም ተቀመጡ፤ መቀመጥ የተፈቀደላችሁ ዛሬ ነው።

ባንተይርጉ የሚባል ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ተርታ ላይ ሲቆም እንኳ ከኋላው የመጣውን «ይለፉ» ይላል። ሚስቱ ትርንጎ ትባላለች። እሷ ደግሞ የመጣባትን ቃል ውጣ አታውቅም። ሁለቱ ያላቸው ሀብት አንዲት የእንቁላል አስኳል የምትመስል አሮጌ መኪና ናት። ሞዴሏ ዙልማ ይባላል፤ አፍንጫዋ ላይ ትንሽ የብረት ወፍ ተለጥፋባታለች።

ትርንጎ የዳሌ አጥንቷ ከተሰበረ ወዲህ የትም አትቀመጥም። ሚኒባስ ደረጃው አስቸገራት። የጎረቤት መኪና ሞከረች፤ ገና በሩ ሳይዘጋ «አውርዱኝ!» ብላ ሰፈሩን አስወጣችው። የምትቀመጥበት አንድ ቦታ ብቻ ተገኘ፤ የዙልማ የፊት ወንበር። እሱን ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል ስታደርገው ዳሌዋ ዝም ይላል፤ እሷም ትተነፍሳለች።

አንድ ቀን ታዲያ አደባባዩን ሲዞሩ ወንበሩ «ቀጭ!» አለና ወደ ኋላ ተዘረጋ። ትርንጎ እግሯ ወደ ላይ፣ ዓይኗ ወደ ጣሪያ ሆነ። ባንተይርጉ ሲያየው ወንበሩን ደግፋ የምታቆመው፣ አውራ ጣት የምታክል ባለጥርስ ብረት ተሰብራለች። በሽቦ አሰራት፤ ሽቦው ተበጠሰ። በበያጅ አስበየዳት፤ ብየዳው ተፈነቀለ። መርካቶን ከላይ እስከ ታች ዞረ፤ የሁሉም መኪና ብረት አለ፣ የዙልማ የለም።

አሁን ደግሞ የቸኮሉበት ነገር አለ። የትርንጎ የእህት ልጅ ሰናይት ቢሾፍቱ ላይ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ትርንጎን «ክርስትና እናት ሁኚላት» ብላታለች። ትርንጎ ልጅ አልወለደችም። «እናት» የሚል ቃል በየትኛውም መንገድ እሷ ላይ ሲያርፍ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የሰማች ቀን በደስታ አልቅሳለች። ሴት ልጅ ደግሞ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ቀኑ አይገፋም፣ እሁድ ነው። ትርንጎ ካልደረሰች የልጅቱ አባት አክስት ከጎን ዝግጁ ሆነው ቆመዋል፤ የሚለብሱትን ቀሚስ ሳይቀር አሰፍተዋል አሉ።

«ሂድ» አለችው ትርንጎ ባሏን። «ከቤታችን ቁልቁል የዙልማ ወኪል የሚባል ትልቅ ሱቅ የለም? ትንሽ ብረት ናት፤ ስጡኝ በላቸው።»

ሄደ። በሩ ላይ የብረት ወፍ የተሳለባት ታፔላ አለች። መለዋወጫ ክፍል ንዋይ የሚባል ጎልማሳ ቆሟል፤ ከኋላው መደርደሪያ አለ፤ መደርደሪያው ላይ በላስቲክ የታሸገች ባለጥርስ ብረት ተቀምጣለች። ባንተይርጉ ሲያያት ልቡ ዘለለ።

«ያቻት!» አለ።

«ያቻት ጋሼ» አለ ንዋይ። «ግን መስጠት አልችልም። ላስቲኩ ላይ ወፏ አለችበት።»

«ወፏ ምን አደረገች?»

«ወፏ ተሽጣለች። ዙልማ የሚባለውን ፋብሪካ ባሕር ማዶ ሌላ ሰው ገዝቶታል። የወፍ ምልክት ያለበት ዕቃ ሥራ አስኪያጇ ሳያዙ እንዳይወጣ ተብለናል። እኔ ምን ላድርግ ጋሼ?»

ባንተይርጉ «ልክ ነህ ልጄ» ብሎ ተመለሰ። ትርንጎ በሩ ላይ ክራንቿን ተደግፋ ትጠብቀዋለች።

«ብረቷስ?»

«ንዋይ አልሰጥም አለ፤ ንዋይ ካልሰጠ ብረቷ አትመጣም፤ ብረቷ ካልመጣች ወንበሩ አይቆምም፤ ወንበሩ ካልቆመ አንቺ አትቀመጪም፤ አንቺ ካልተቀመጥሽ ቢሾፍቱ አንደርስም፤ ቢሾፍቱ ካልደረስን ሕፃኗን ሴትዮዋ ያነሷታል።»

«ሴትዮዋ ይቅሩብኝ!» አለች ትርንጎ። «ሥራ አስኪያጇን አናግር።»

በማግስቱ ሲሄድ አንድ ሠዓሊ መሰላል ላይ ወጥቶ ወፏን በቢላዋ እየፋቀ አገኘው። ገባ። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ራሔል ይባላሉ፤ ሰው አክባሪ ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡት፤ ጉዳዩን እስከ መጨረሻ ሰሙት፤ እስከ መጨረሻ ሰምተው እምቢ አሉት።

«አባቴ፣ አንጀቴን በሉት» አሉ። «ነገር ግን ወፏ የዙልማ ናት። ዙልማ ሳትፈቅድ ባዝ እኔ ከሥራዬ እወጣለሁ።»

ባንተይርጉ «ልክ ነሽ ልጄ» ብሎ ተመለሰ።

«ብረቷስ?»

«ራሔል አላዝም አለች፤ ራሔል ካላዘዘች ንዋይ አይሰጥም፤ ንዋይ ካልሰጠ ብረቷ አትመጣም፤ ብረቷ ካልመጣች ወንበሩ አይቆምም፤ ወንበሩ ካልቆመ አንቺ አትቀመጪም፤ አንቺ ካልተቀመጥሽ ቢሾፍቱ አንደርስም፤ ቢሾፍቱ ካልደረስን ሕፃኗን ሴትዮዋ ያነሷታል።»

«አንተ ደግሞ ለሁሉም ልክ ነህ፣ ልክ ነሽ!» አለች። «እኔስ መቼ ነው ልክ የምሆነው? ሂድ፣ ለዙልማ ይደወልልኝ በል።»

ተደወለ። ወይዘሮ ራሔል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ድምፁን ከፈቱት። ከባሕር ማዶ አንድ ለስላሳ ድምፅ መጣ፤ ራሔል እየሰሙ ይተረጉማሉ።

«ዙልማ ደስ ይላት ነበር ትላለች» አሉ። «ነገር ግን አሁን በካርዴክ ቤት ነው ያለችው። ስሟም ከእንግዲህ ካርዴክ ነው። ካርዴክ ሳይወስን አልፈቅድም ትላለች።»

ባንተይርጉ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሠዓሊው ወፏ በነበረችበት ቦታ ላይ የበሬ ቀንድ እየሳለ ነበር፤ የካርዴክ ምልክት ነው።

«ብረቷስ?»

«ዙልማ አልፈቅድም አለች፤ ዙልማ ካልፈቀደች ራሔል አታዝም፤ ራሔል ካላዘዘች ንዋይ አይሰጥም፤ ንዋይ ካልሰጠ ብረቷ አትመጣም፤ ብረቷ ካልመጣች ወንበሩ አይቆምም፤ ወንበሩ ካልቆመ አንቺ አትቀመጪም፤ አንቺ ካልተቀመጥሽ ቢሾፍቱ አንደርስም፤ ቢሾፍቱ ካልደረስን...»

«ሴትዮዋ! ሴትዮዋ! አውቄዋለሁ!» አለች ትርንጎ። «ቆይ፣ ዙልማ ምን ሆንኩ ነው የምትለው?»

«ካርዴክ ወሰዳት።»

«አገባት በለኛ።»

«እንደ እሱ ነው።»

«ስሟንስ?»

«ቀየረችው።»

ትርንጎ ክራንቿን ወለሉ ላይ ደቅ አደረገችው። «እኔ አንተን ሳገባ የአባቴን ስም ጥዬ መጣሁ? እናቴስ ጣለች? ሰው ባል አገባ ተብሎ የወለደው አባቱ ይሰረዛል? ምን ዓይነት አገር ነው! ሂድ፣ ባልየውን ጠይቅ።»

ባልየውን ጠየቀ። ለካርዴክ ተደወለ። ስልኩ ብዙ ጊዜ ጠራ። በመጨረሻ አንድ የሚቸኩል ድምፅ ተናገረና ዘጋ። ወይዘሮ ራሔል ስልኩን አንድ ጊዜ፣ ባንተይርጉን አንድ ጊዜ ያያሉ።

«ካርዴክ ራሱን ሆልቬን የምትባል ኩባንያ ገዝታዋለች» አሉ በመጨረሻ። «ዛሬ ጠዋት ነው። እሷ ሳትናገር አልወስንም ይላል።»

ባንተይርጉ ሲወጣ ሠዓሊው አንደኛውን ቀንድ ጨርሶ ሁለተኛውን ጀምሯል። ባንተይርጉ ሆዱ አልቻለለትም። «ወንድሜ፣ አትድከም» አለው። «በሬውም ተሽጧል።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው» አለ ሠዓሊው። መፋቂያ ቢላዋውን ከኪሱ አወጣ።

«ብረቷስ?»

«ካርዴክ አልወስንም አለ፤ ካርዴክ ካልወሰነ ዙልማ አትፈቅድም፤ ዙልማ ካልፈቀደች ራሔል አታዝም፤ ራሔል ካላዘዘች ንዋይ አይሰጥም፤ ንዋይ ካልሰጠ ብረቷ አትመጣም፤ ብረቷ ካልመጣች ወንበሩ አይቆምም፤ ወንበሩ ካልቆመ አንቺ አትቀመጪም፤ አንቺ ካልተቀመጥሽ ቢሾፍቱ አንደርስም፤ ቢሾፍቱ ካልደረስን ሕፃኗን ሴትዮዋ ያነሷታል።»

«ካርዴክ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ሆልቬን የምትባል ወሰደችው።»

«ሚስቱን ይዞ ተዳረ?»

«ሚስቱን ይዞ።»

«ጉድ ነው!» አለች ትርንጎ። ሳቋ መጣና መሐል ላይ ቀረ። ወደ መስኮቱ ዞረች። ውጭ ያች አስኳል መኪና ፀሐይ ላይ ቆማለች፤ የፊት ወንበሩ እንደተዘረጋ ነው። «ባንቴ» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ልጅቱን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ውኃው ሲወርድባት፣ በእጄ ይዣት ብቆም። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም እኮ።»

ባንተይርጉ ሚስቱ ስትቆጣ ለምዷል፤ ስትለምን ግን አያውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ «ልክ ነህ» ማለት ተወ።

ሆልቬን ዘንድ ሲደወል አንዲት ሴት በጨዋ አንደበት መለሰች። የሷም መልስ ያው ሆነ። ሆልቬንን ደግሞ አንድ ባለጸጋ ገዝቷታል፤ ከነሙሽራው፣ ከነሙሽራዋ፣ ከነሚዜው። ስሙ ሚስተር ኦልደን ነው። እሱ ሳይሰማ ሆልቬን አትናገርም።

«ታዲያ ይስማ!» አለ ባንተይርጉ። ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር፤ ራሱም ደነገጠ።

ወይዘሮ ራሔል ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። «ይመጣል አባቴ። ቅዳሜ አዲሱን ታፔላ ሊመርቅ እዚህ ድረስ ይመጣል፤ የሆልቬንም፣ የካርዴክም፣ የዙልማም ሰዎች አብረውት ይመጣሉ። ነገር ግን አንድ አመል አለው። ቆሞ ጉዳይ አይሰማም። ‹የቆመ ሰው ይሳሳታል› ይላል። መጀመሪያ ይቀመጣል፤ ከዚያ ንግግር አለ፤ ከዚያ ምሳ አለ፤ ከዚያ አውሮፕላን አለበት። መቼ እንደማደርስልዎት እኔም አላውቅም።»

ባንተይርጉ ቤት ሲገባ ትርንጎ አልጠየቀችውም። ራሱ ጀመረ።

«ኦልደን ሳልቀመጥ አልሰማም አለ፤ ኦልደን ካልሰማ ሆልቬን አትናገርም፤ ሆልቬን ካልተናገረች ካርዴክ አይወስንም፤ ካርዴክ ካልወሰነ ዙልማ አትፈቅድም፤ ዙልማ ካልፈቀደች ራሔል አታዝም፤ ራሔል ካላዘዘች ንዋይ አይሰጥም፤ ንዋይ ካልሰጠ ብረቷ አትመጣም፤ ብረቷ ካልመጣች ወንበሩ አይቆምም፤ ወንበሩ ካልቆመ አንቺ አትቀመጪም፤ አንቺ ካልተቀመጥሽ ቢሾፍቱ አንደርስም፤ ቢሾፍቱ ካልደረስን ሕፃኗን ሴትዮዋ ያነሷታል።»

የትርንጎ የከንፈሯ ጥግ ተነሳ። ባንተይርጉ ይህን የከንፈር ጥግ ያውቀዋል፤ ሲያየው ይፈራል፣ ደስም ይለዋል።

«እስኪ ድገምልኝ» አለች። «ሰውየው ሳይቀመጥ አይሰማም?»

«አይሰማም።»

«እነዚህ ሁሉ ደግሞ በጋብቻ ነው የተሳሰሩት?»

«አንቺ ነሽ ጋብቻ ያልሽው።»

«ታዲያ እስካሁን ሽማግሌ ያልላክነው ምን ሆነን ነው? ሰው ቤት ትልቅ ጉዳይ ይዞ ብቻውን ይሄዳል? የሰው ልጅ ስንጠይቅ የምንልካቸውን ሰዎች ብረትም ስንጠይቅ እንላካቸው። ሳይቀመጥ የማይሰማ ካለ፣ ሳይሰማ የማይቀመጥ እኛም አለን!»

ባንተይርጉ በመጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ጋቢውን አንስቶ ወጣ፣ ሲወጣ እየሳቀ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። መምሬ ገብረ ሕይወት የሰፈሩ ቄስ ናቸው። ሐጂ ሸምሱ ከመስጊዱ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ፣ በሰፈሩ ያስታረቁት ባልና ሚስት የማይቆጠር ሰው ናቸው። ሻለቃ ደስታ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ቆሞ መዋል የለመዱ። ጉዳዩ ሲነገራቸው መምሬ «ለአንዲት ብረት?» አሉ፤ ሐጂ «ለክርስትና ነው እንጂ» አሉ፤ ሻለቃ «በስንት ሰዓት እንገናኝ?» አሉ።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ነጭ ጨርቅ በለበሱ ወንበሮች ተሞልቷል። ሳምቡሳው ከነትኩሳቱ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። እንግዶቹ ተቀምጠው ያወራሉ። ውጭ ታፔላው በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ሠዓሊውም ከነመሰላሉ ጥግ ይዞ ቆሟል፣ ለሚመጣው ነገር ዝግጁ ሆኖ። ትርንጎ ከቤቷ ቁልቁል በክራንቿ ቀስ እያለች ወርዳ፣ በሩ ላይ አስኳል መኪናዋን ተደግፋ ቆማለች። ባንተይርጉ መፍቻዎቹን በኪሱ ይዟል።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጫጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ገቡ። አዳራሹ መሐል ደርሰው ቆሙ።

ወይዘሮ ራሔል ሮጠው መጡ። «አባቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ተቀመጡ እንጂ!»

«አንቀመጥም ልጄ» አሉ መምሬ። «ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ» አሉ ሐጂ።

«ሳይፈጸም» አሉ ሻለቃ።

ከፊት ተርታ ያሉ አንድ እንግዳ፣ ሽማግሌዎቹ ቆመው ሲያዩ ነውር ሆነባቸውና ተነሱ። አጠገባቸው ያሉት እሳቸውን አይተው ተነሱ። ሁለተኛው ተርታ የመጀመሪያውን አይቶ ተነሳ። ሳምቡሳ የጎረሰው በጉንጩ ይዞ ተነሳ። እንዲህ እያለ አዳራሹ በሙሉ ቆመ፤ ወንበሮቹ ብቻ ተቀምጠው ቀሩ።

በዚህ መሐል ሚስተር ኦልደን ገባ። ረጅም፣ ሽበቱ የተበጠረ፣ ጫማው አዲስ የሆነ ሰው ነው። የሆልቬን ሴትዮ፣ የካርዴክ ሰውዬ፣ የዙልማ አዛውንት ተከትለውታል። ሕዝቡ ቆሞ ሲያየው ለሱ የተነሳለት መሰለውና ደረቱን ይዞ እጅ ነሳ። ከዚያ እስኪቀመጡ ጠበቀ። እነሱ አልተቀመጡም። እንደገና እጅ ነሳ። አሁንም አልተቀመጡም። ወደ ወንበሩ ሲያመራ ራሔል ጆሮው ላይ አንሾካሾኩለት።

«ለምን?» አለ።

«ሽማግሌ ቆሞ አይቀመጥም፤ በአገራችን ትልቅ ነውር ነው።»

«እሺ፣ ይቀመጡና ከዚያ እሰማቸዋለሁ።»

ራሔል ተረጎሙ። መምሬ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ይስማንና እንቀመጣለን በይው» አሉ።

«ይቀመጡና እሰማለሁ» አለ ኦልደን።

«ይስማንና እንቀመጣለን» አሉ ሐጂ።

ሻለቃ እግራቸውን ገጥመው ቆሙ።

ቆሙ። ሳምቡሳው ቀዘቀዘ። አንዱ እንግዳ በግራ እግሩ፣ አንዱ በቀኝ እግሩ ሲያርፍ፣ አዳራሹ በሙሉ ይወዛወዛል። የኦልደን አዲስ ጫማ መንከስ ጀመረ። በመጀመሪያ ጣቱን ነከሰው፤ ቀጥሎ ተረከዙን። ወንበሩን ያያል፤ ሽማግሌዎቹን ያያል፤ ሰዓቱን ያያል። በሕይወቱ ስንት ፋብሪካ ገዝቷል፤ አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ግን አቃተው። በመጨረሻ ግንባሩ ላቦት አወጣና፣

«እሺ! ቆሜ እሰማለሁ!» አለ።

ወይዘሮ ራሔል አንድ ጊዜ ተንፍሰው ጀመሩ። «አንዲት ሕፃን ነገ ክርስትና ትነሳለች፤ ክርስትና እናቷ ቢሾፍቱ መድረስ አለባት፤ ቢሾፍቱ ለመድረስ መቀመጥ አለባት፤ እንድትቀመጥ ወንበሩ መቆም አለበት፤ ወንበሩ እንዲቆም ብረቷ መምጣት አለባት፤ ብረቷ እንድትመጣ ንዋይ መስጠት አለበት፤ ንዋይ እንዲሰጥ እኔ ማዘዝ አለብኝ፤ እኔ እንዳዝ ዙልማ መፍቀድ አለባት፤ ዙልማ እንድትፈቅድ ካርዴክ መወሰን አለበት፤ ካርዴክ እንዲወስን ሆልቬን መናገር አለባት፤ ሆልቬን እንድትናገር እርስዎ መስማት አለብዎት፤ እርስዎ ደግሞ ሳልቀመጥ አልሰማም ይላሉ።»

«ብረቷ የት ናት?»

«ከዚህ ግድግዳ ጀርባ፣ መደርደሪያው ላይ።»

«የማን ናት?»

የዙልማ አዛውንት ወደ ካርዴክ ሰውዬ ጠቆመ። የካርዴክ ሰውዬ ወደ ሆልቬን ሴትዮ ጠቆመ። የሆልቬን ሴትዮ ወደ ኦልደን ጠቆመች። ኦልደን ከኋላው ሌላ ሰው ካለ ብሎ ዞር አለ፤ ግድግዳ ነው ያለው።

«የኔ ናት?» አለ። «እኔ ምን ላድርጋት? ስጧት!»

ያን ጊዜ ኦልደን ለሆልቬን ነገራት፤ ሆልቬን ለካርዴክ ተናገረች፤ ካርዴክ ለዙልማ ወሰነ፤ ዙልማ ለራሔል ፈቀደች፤ ራሔል ንዋይን አዘዙ፤ ንዋይ ብረቷን ይዞ ሮጠ፤ ሲሮጥ ላስቲኩን በጥርሱ ቀደደው፤ ወፏም ለሁለት ተቀደደች።

ኦልደን ወደ ወንበሩ ጎንበስ ሲል ራሔል ክንዱን ያዙት። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው።

«አሁን ደግሞ ምን ቀረ?» አለ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

«የላከችን ሴት ቆማለች» አሉ መምሬ። «እሷ ቆማ እኛ እንዴት እንቀመጣለን?»

ሁሉም ወደ በሩ ወጣ። ባንተይርጉ መኪናው ውስጥ ተጋድሞ ብረቷን እያስገባ ነው። ብሎኗ አልገባ አለች። ኦልደን በአንድ እግሩ ቆሞ ጫማውን እየፈታ፣ «ይህን ያዙልኝ» ሲባል ወንበሩን ደግፎ ያዘ፤ ማን እንደሆነ ባንተይርጉ አላየም። «ጠበቅ አድርገህ ያዝ እንጂ ልጄ!» ብሎ ጮኸበት፤ እሱ፣ ሰውን ሁሉ «ይለፉ» ባዩ! «ቀጭ» አለች ብረቷ። ወንበሩ ቀጥ አለ፤ ቀጥሎም ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል አለ፤ ልክ በልኳ።

ትርንጎ ክራንቿን ለባሏ ሰጠችው፤ ቀስ ብላ ዞረች፤ ቀስ ብላ ወረደች። ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች። ዳሌዋ ዝም አለ።

ሕዝቡ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ትርንጎ ስትቀመጥ መምሬ ተቀመጡ፤ መምሬ ሲቀመጡ ሐጂ ተቀመጡ፤ ሐጂ ሲቀመጡ ሻለቃ ተቀመጡ፤ ሻለቃ ሲቀመጡ የፊት ተርታው ተቀመጠ፤ የፊት ተርታው ሲቀመጥ አዳራሹ በሙሉ ተቀመጠ፤ አዳራሹ ሲቀመጥ ሳምቡሳው ዞረ፤ ከሁሉም በኋላ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሚስተር ኦልደን ተቀመጠና «እእእፍ!» አለ። ንግግሩን ሊያደርግ ሲነሳ «ተወው፣ ተቀምጠህ ተናገር» አሉት ሐጂ፤ አሳዘናቸው መሰለኝ።

እሁድ ማለዳ አስኳሏ መኪና ቢሾፍቱ ገባች። ሴትዮዋ አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከፊት ቆመው ነበር፤ ትርንጎን ሲያዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ ትርንጎም «ቀሚሱ ያምርብዎታል» አለቻቸው፣ ከልቧ። ውኃው ሲወርድ ሕፃኗ ጮኸች። በአንድ ጎኗ ባንተይርጉ ይደግፋታል፤ ትርንጎ ግን ልጅቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ያለ ክራንች ቆማለች። ዳሌዋ ይጮህ ነበር፤ አልሰማችውም። ቄሱ «ክርስትና እናት ማን ናት?» ሲሉ «እኔ!» ያለችው መቅደሱን አስገልምጦ ነበር። እንባዋ በልጅቱ ላይ ወርዶ ከጠበሉ ጋር ተቀላቀለ።

ሰኞ ባንተይርጉ በዚያ ሱቅ በኩል ሲያልፍ ሠዓሊው መሰላሉ ላይ ነው። ሚስተር ኦልደን ሁሉንም፣ ከነወፉ ከነቀንዱ፣ አውሮፕላን ላይ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ሸጦታል አሉ። እግሩን አሞት ስለነበር ብዙም አልተከራከረም ይላሉ።

መኪና መኪና በሉኝ ብያችሁ ነበር፤ የማን ናት ብላችሁኝ ነበር። ማን እንደገዛት እኔ ምን አውቄ! ታፔላው ገና አልደረቀም። የፊት ወንበሩ ግን የትርንጎ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጭኗ ላይ አንዲት ሕፃን ትተኛበታለች።